ሠላሳ ሁለተኛው መንገደኛ

እፍረቴን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ባለፈው ሳምንት የሰው ካፖርት ለብሼ ቤቴ ገባሁ። ይባስ ብሎ የሰው መሆኑን ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩቤክ ከተማ ተወልጄ፣ ኩቤክ ከተማ አርጅቼ፣ በአስጎብኚ እየተመራሁ የገዛ አገሬን ልጎበኝ ሄድኩ። ለዚህ ዓምድ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው፤ አትሳቁ። አውቶቡሱ ቅዳሜ ከእኛ ይነሳል፣ ትሯ-ሪቪዬር ያድራል፣ እሑድ ሞንትሪያልን አሳይቶ ይመልሳል። «ይሄ ለአሜሪካኖች ነው» እያልኩ ስንት ዓመት የቀለድኩበት ጉዞ ነው። የሚያውቀኝ እንዳያየኝ የሱፍ ቆቤን እስከ ቅንድቤ ጎትቼ ነበር። የሥጋ ሻጩ ሚስት ግን ገና ስሳፈር አየችኝ። «ማዳም፣ መንገዱ ጠፋብዎት እንዴ? ቤትዎ እኮ በዚያ በኩል ነው» አለችኝ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ስለነበር ጎረቤቴ ዩጌት የሟች ባሏን ባለፀጉር ካፖርት አውሳኛለች። አያቶቻችን በፈረስ በሚጎተተው የበረዶ ጋሪ ሲሄዱ ይለብሱት የነበረው ዓይነት ነው፤ አንድ ሰው ሲለብሰው ሦስት ሰው ይመስላል። ስንመለስ ትሯ-ሪቪዬር አጠገብ አንድ የገጠር ምግብ ቤት ጎራ አልን። መቼም በእኛ ደንብ እንግዳ ሲበዛ ካፖርት ሁሉ የሚከመረው ጓዳ አልጋ ላይ ነው። ስንወጣ ከክምሩ ባለፀጉሩን መዝዤ ደረብኩ። ከጠዋቱ ይልቅ ከበደኝ። ጥፋቱን በአተር ሾርባው ላይ ጣልኩ።

በሦስተኛው ቀን መሐረብ ስፈልግ በቀኝ ኪሱ ውስጥ በቀይ ሱፍ ክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አገኘሁ። የሰው ደብዳቤ አይነበብም። አውቃለሁ። አነበብኩ። በኋላ ከሁለቱ ጸሐፊዎች በሕይወት ያለችው እንዲታተሙ ፈቅዳልኛለች። አንደኛዋ በወጣትነቷ ድንበር ተሻግራ ወደ ሜይን ግዛት፣ ወደ ሉዊስተን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሄደች ፊሎሜን የምትባል አሮጊት ናት። ሌላዋ የወንድሟ ልጅ ጊስሌን ናት፤ ያቺው የእኛ አውቶቡስ አስጎብኚ።

*

ሉዊስተን፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978

ለምወድሽ ለጊስሌን፤

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክልሽ፤ እግርሽንም ከሚያዳልጥ በረዶ ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የገናን የሥጋ ቂጣ ለብቻዬ ጋገርኩ፣ ለብቻዬ በላሁ፣ ለብቻዬም ሆዴን አመመኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ወንድሜ፣ ስለ አጎትሽ ስለ ኦዲሎን ነው። በኖቬምበር «ብርዱ ሳያልፍ ቤትሽ ድረስ መጥቼ እመርቅሻለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። ልጄ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱ ታላቅ እርሱ ነበር። በአዲስ ዓመት ጠዋት እንደ ደንባችን በፊቱ ተንበርክከን ምርቃት ስንቀበል፣ የእኔ ተራ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተ። ለፋብሪካ ሥራ ልሄድ ሻንጣዬን ማሰሬን ሰምቶ ኖሯል። ሳልመረቅ ወጣሁ። ባል አገባሁ፣ ባል ቀበርኩ፤ በየአዲስ ዓመቱ ጠዋት ግን ጉልበቴ ሳላዘው ይታጠፋል።

በአንቺ አውቶቡስ እስከ ሞንትሪያል መጥቶ ከዚያ ወደ እኔ እንደሚዘልቅ ነግሮኛል። ከማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪልኝ፤ ግራ ጉልበቱ ብርድ አይወድም። ለገና ግን ምነው ሳይጽፍልኝ ቀረ?

አክስትሽ ፊሎሜን

*

ኩቤክ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1979

ለተከበሩ አክስቴ ለፊሎሜን፤

ለአዲሱ ዓመት ጤናና ዕድሜ፣ በዘመንዎም መጨረሻ ገነትን ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የጉብኝት ወቅት ነው፣ አንገቴን ቀና የማደርግበት ጊዜ የለኝም።

አጎቴ ኦዲሎን ዕረፍት ላይ ነው። ጉልበቱንም አሁን አያመውም። ለገና ያልጻፈልዎ እጁ ስላልቻለ ነው። የቀረውን መሬቱ ሲላላ በሰፊው እነግርዎታለሁ።

ይልቅ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ቅዳሜ በዝርዝሬ ላይ ሠላሳ አንድ መንገደኛ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ከፊት ወደ ኋላ እየሄድኩ ራስ ስቆጥር ሠላሳ ሁለት ሆነብኝ። ሹፌራችን ሬዣን ቆጠረ፤ ሠላሳ አንድ። እኔ ደገምኩ፤ ሠላሳ ሁለት።

«ጠዋት ምን ጠጣሽ?» አለኝ።

«ቡና።»

«ከቡናው በፊትስ?»

እንዲህ እየተሳሳቅን ነው የምንውለው። ራስዎን ይጠብቁልኝ።

ጊስሌን

*

እዚህ ላይ ጊስሌን ያልጻፈችውን ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት በኋላ ነው። ኦዲሎን ዲሴምበር 19 ቀን የጫማውን ክር ሊያስር ደጃፉ ላይ እንዳጎነበሰ ሞቷል። እንደምታውቁት በገጠር ደብሮቻችን በብርድ ወራት መሬቱ ድንጋይ ነው፤ አይቆፈርም። የሞተ ሰው በሳጥኑ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለችው የድንጋይ ቤት ይቆያል፤ በሜይ ይቀበራል። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «ቀብሩ በሜይ ነው፣ መርዶውም በሜይ ይሁን» አለ። ፊሎሜን አሁን ብትረዳ በዚያ ጉልበቷ በበረዶ ልትመጣ ነው፤ መጥታስ ምን ልትቀብር? ይህን ስሕተት የሚሠራ ከእኛ አገር ሰው በቀር ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ሌላ አደርግ ነበር ብዬም አልዋሻችሁም።

*

ሉዊስተን፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1979

ለልጄ ለጊስሌን፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የኦዲሎንም ደረሰኝ።

የእርሱ ፖስትካርድ ነው፤ የከተማችሁ የድንጋይ በር በረዶ ለብሶ ይታያል። በጀርባው «ጉዞ ጀምሬያለሁ። ኦዲሎን» ይላል። ማኅተሙ የጃንዋሪ 20 ነው። ታዲያ እጁ አልቻለም ያልሽኝ ምን ማለትሽ ነው? የወንድሜ ጽሕፈት ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ዶሮ ጭረት ነበር። አሁን መስመሩ ክር የተወጠረበት ይመስል ቀጥ ብሏል።

ያስቆጣኝ ግን ከሥር በደቃቁ የጻፈው ነው። «የማድርበት ቤት በሩ ብረት ነው፤ እሳት የለውም። ሰባት ሆነን በተርታ ተኝተናል። የሚያወራ የለም» ይላል። አንቺን ያሳደገ አጎትሽን እንዲህ ያለ ቤት የምታስተኚው ምን ነክቶሽ ነው? አንዲት ምድጃ እንኳ? ብርድ ልብስ ልላክልሽ? በቶሎ መልሺልኝ።

ፊሎሜን

*

ኩቤክ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1979

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ለመጻፍ አራት ጊዜ ተቀምጬ አራት ጊዜ ተነሳሁ።

የድንጋይ በሩን ፖስትካርድ አውቶቡስ ውስጥ የምሸጠው እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት አንድ ጎድሎብኝ ነበር። ሰባት ያሉት ቁጥርም ልክ ነው፤ ሄጄ ጠየቅኩ። አክስቴ፣ ይህን ማን ነገረዎት?

የአጎቴ ባለፀጉር ካፖርት እኔ ዘንድ ነው። ለሚበርደው መንገደኛ ብዬ ኋላ ወንበር ላይ አኖረው ነበር። ሬዣን «በቃ፣ የምትቆጥሪው ካፖርቱን ነው፤ አንድ ቆብ ብቻ ነው የጎደለው» አለና እኔም እፎይ አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ እቤት በር ላይ ሰቅዬው ወጣሁ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት።

ትሯ-ሪቪዬር ስንደርስ ሾርባ አደልን። መሀል ላይ የተቀመጡ አንዲት ከቶሮንቶ የመጡ እመቤት ክንዴን ነካ አድርገው «ኋላ ላሉት ሽማግሌ አልደረሳቸውም» አሉኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ባዶ ወንበር ነው። ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ አንድ እፍኝ በረዶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያው እየነደደ፣ አልቀለጠም። ሬዣን መጥቶ አየው። ከዚያ ወዲህ አይቀልድም።

ምድጃውን በተመለከተ፣ እዚያ ቤት እሳት ማንደድ አይቻልም። ለምን እንደሆነ በሜይ ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። ይማሩኝ።

ጊስሌን

*

ሉዊስተን፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1979

ለጊስሌን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለተኛው ፖስትካርድ ደረሰኝ፤ ከትሯ-ሪቪዬር። የመነኮሳይያቱ ገዳም ነው፣ በጣሪያው ላይ በረዶ። «ግማሽ መንገድ» ይላል፤ ሌላ የለውም።

ምድጃውን ተይው። ብርድ ልብሱንም አልልክም። ለኦዲሎን ያዘጋጀሁትን ክፍል ትናንት ልጠርግ ገብቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። በበረዶ ቀን። ለምን እንደከፈትኩት እኔም አላውቅም፤ ግን ልዘጋው አልቻልኩም።

ልጄ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ክር ከመበጠሱ በፊት ድምፁ ይቀየራል። የአንቺ ደብዳቤዎች ድምፃቸው ተቀይሯል። የምትነግሪኝ ነገር ካለ ከእርሱ በፊት ንገሪኝ። ከእንግዲህ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

ፊሎሜን

*

ሞንትሪያል፣ ማርች 4 ቀን 1979፣ እሑድ

አክስቴ፤

ዛሬ ሰላምታ ሳላስቀድም ስጽፍልዎ ይማሩኝ።

ዛሬ መንገደኞቹን በወደቡ ዳር ወዳለችው የመርከበኞች ጸሎት ቤት አስገባኋቸው። ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠሉ ትንንሽ የእንጨት መርከቦች አሉ፤ ከማዕበል የተረፉ ሰዎች የሰጧቸው። ነፋስ አልነበረም፤ በሩም ዝግ ነበር። መርከቦቹ ሁሉ ቀስ እያሉ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። ሰዉ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ስንወጣ አየሁት። አውቶቡሱን አልፎ በበረዶው ላይ ወደ ድልድዩ ይሄዳል። አጎነበሰ፣ የጫማውን ክር አሰረ፣ ቀና አለ። ዱካ አልነበረውም። «አጎቴ» ብዬ ተጣራሁ፤ እጁን ከኪሱ አወጣና እንደገና ከተተ። ገብተን ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ቁጥሩ ልክ የሆነልኝ ዛሬ ነው።

ወርዷል፣ አክስቴ። ወደ እርስዎ እየመጣ ነው።

አጎቴ ኦዲሎን ዲሴምበር 19 ቀን ሞቷል። በብረት በሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የያዘው የመቃብር ጠባቂ ዓርብ ዕለት ከፍቶ አሳይቶኛል፤ ሳጥኑ እዚያው ነው። ቀብሩ እስኪደርስ ብለን ደበቅንዎ። ሐሳቡ የሁላችንም ነው፤ ውሸቱን የጻፈችው ግን የእኔ እጅ ናት። እለምንዎታለሁ፣ በሩ ቢንኳኳ አይክፈቱ። የሚወስድዎ መስሎኝ ፈርቻለሁ።

ጊስሌን

*

ሉዊስተን፣ ማርች 12 ቀን 1979

ለጊስሌን፤

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። እርሱ ሐሙስ መጣ።

አላንኳኳም። የደጁ በረዶ ሲንቋቋ ሰማሁና መብራት ሳላበራ ወጣሁ። ከደረጃው በታች ቆሟል። ቀጭን ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሰው፤ ትከሻው ላይ በረዶ ተቀምጧል። «ግባ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ እኔ ደረጃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ምንም አላለኝም። «ታላቄ፣ መርቀኝ» አልኩት፤ ያን ጊዜ እንደምንለው። እጁን ለማንሳት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ የበረደው ሰው እጅ ነው። ግን አነሳው። ቃሉን ሁሉ አልሰማሁትም። «ዘገየሁ» ያለውን ሰማሁ።

ተነስቼ ሳይ ደረጃው ባዶ ነበር። አልወሰደኝም፣ ልጄ። የመጣው ሊሰጠኝ ነው።

መሞቱን ከሁለተኛው ፖስትካርድ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። አልተቆጣሁሽም ልበልሽ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፤ ግን አንድ ውሸት ይበቃናል። የወንድሜን መርዶ ከሕያው አፍ ልሰማ ሲገባኝ ከሙት ሰማሁት። ይህ ከልቤ እስኪወጣ ጊዜ ስጪኝ።

በሜይ ለቀብሩ እመጣለሁ። ደብዳቤዎችሽን ይዤ እመጣለሁ፤ የእኔንም አዘጋጂ። ካፖርቱን አልብሰን እንቅበረው። በርዶታል።

ፊሎሜን

*

ደብዳቤዎቹ እዚህ ያበቃሉ። አጥፌ አሰርኳቸው፣ ፈትቼ ደግሜ አነበብኳቸው፤ ከዚያ ጊስሌን ጋ ደወልኩ።

«ማዳም፣ በጤና?» አለችኝ። «መንገዱ ተስማማዎት?»

«ልጄ፣ የሰው ካፖርት ይዤ ሄጃለሁ፤ ያንቺ መሰለኝ።»

«የእኔ ሰማያዊ ነው፤ እዚሁ አለ። የትኛው?»

«ባለፀጉር። ሁለተኛው ቁልፍ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ።»

 

«ቡናማ ክር አጥቼ ነው በአረንጓዴ የሰፋሁት» አለች ቀስ ብላ። «ያ ካፖርት ሜይ 12 ቀን ከአጎቴ ጋር ተቀብሯል፣ ማዳም። ደብዳቤዎቹን ኪሱ የከተተቻቸው አክስቴ ናት። ሳጥኑ ሲዘጋ ቆሜ አይቻለሁ።»

ተቀመጥኩ። ካፖርቱ ፊት ለፊቴ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። «አክስትሽስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ፊሎሜን ከቀብሩ በኋላ ወደ ሉዊስተን አልተመለሰችም፤ ጊስሌን ቤት ቀረች። አብረው በልተዋል፣ ካርታ ተጫውተዋል፣ በጎረቤት ሐሜት ስቀዋል። የደብዳቤው ነገር ግን አንድም ቀን አልተነሳም። ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ጠዋት የቤቱ ታላቅ ፊሎሜን ስለሆነች፣ ጊስሌን አክስቷ ታማ በተኛችበት አልጋ ግርጌ ተንበርክካ «አክስቴ፣ ይመርቁኝ» አለቻት።

«ምን አለችሽ?»

«‹ነገ። ዛሬ እጄ ከብዶኛል።› በማግስቱም ‹ነገ› አለችኝ። ዓርብ ዕለት ሞተች። እጇ ከብዷት ይሁን ልቧ፣ አላወቅኩም።» አለችና ቀጠለች። «አሁን በብረት በሩ ቤት ናት። እስከ ሜይ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። እርሷ ግን «የግራ ኪሱን አይተዋል?» አለችኝ።

አላየሁም ነበር። ሄጄ እጄን ከተትኩ፤ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ በሞቀ ቤቴ ሦስት ቀን ተሰቅሎ። አንድ ፖስትካርድ አወጣሁ። የድንጋይ በሩ፣ በረዶ ለብሶ። በጀርባው ክር የተወጠረበት በሚመስል መስመር የተጻፈውን በስልክ አነበብኩላት፤ «ለጊስሌን። ጉዞ ጀምሬያለሁ። ፊሎሜን።»

«ባለፈው ቅዳሜ ዝርዝሬ ሃያ ዘጠኝ ነበር» አለች። «የቆጠርኩት ሠላሳ አንድ ነው። ለሬዣን አልነገርኩትም።»

«ልጄ፣ አትፈሪም? ጥቂት ሳምንት ዕረፍት ውሰጂ። ሌላ ሰው ይምራው።»

«እፈራለሁ። ግን ብሸሽ ሠላሳ ሰባት ዓመት ልጠብቅ ነው?» አለች። «ቅዳሜ ይምጡልኝ። ካፖርቱን ኋላ ወንበር ላይ ያኑሩት። አጎቴ የተወው ለእርሷ መሆን አለበት፤ ብርድ ነው።»

ከምግብ ቤቱም ደውለዋል፤ አልጋው ላይ አንድ ካፖርት ቀርቷል፣ የዩጌት ባል ካፖርት ነው። ዩጌት ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «እኔ የባሌን ካፖርት መልሺልኝ አልኩ እንጂ ከሙታን ጋር ሽርሽር ሂጂ ማን አለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ግን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዛልኝ መጣች። ሁለት ጥንድ ነው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ፤ ቆቤንም ወደ ቅንድቤ አልጎትትም። ሬዣን ከእንግዲህ ራስ አልቆጥርም ስላለ ቆጠራው የእኔ ነው። ስንት ሆነን እንደወጣን፣ ስንት ሆነን እንደገባን፣ ጊስሌን በተንበረከከችበትም ቦታ እጅ ተነስቶ እንደሆነ፣ እግሬ ደጄን እንደረገጠ ካልሲዬን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ።